ኦስካር፣ ጃጓር እና ሬድ ዴቪል በአንድ ታንክ፦ ማን ይውጣ?

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬን ከነታሪኩ ልጻፈው፣ መልሶቹንም ከስር በቁጥር እያስገባሁ እሄዳለሁ። የመልሶቹ ክር ረዝሟል፣ አዲስ የሚገባ ሰው መሀል ላይ እየጠፋ ነው። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ነው የማሰፍረው።

የአሳ ማርቢያ ታንኬ 150 በ60 በ50 ሳንቲሜትር ነው፣ 450 ሊትር ማለት ነው። ውስጡ ሦስት አሳ አለ፣ ኦስካር፣ ጃጓር ሲክሊድ እና ሬድ ዴቪል፣ ሦስቱም ሲክሊድ ከሚባለው የአሳ ወገን ናቸው። ስገዛቸው ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጡም ነበር። ሦስቱም ከአንድ ጣቴ ላይ ነበር የሚበሉት፣ ማታ መብራት ሳጠፋ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ነበር የሚያድሩት፣ እና እኔ አብሮ አደግ ናቸው ምንም አይሆኑም ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር። አሁን 11ኛ ወራቸው ነው። ኦስካሩ 24 ሳንቲሜትር ደርሷል፣ ጃጓሩ 21፣ ሬድ ዴቪሉ 18። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጃጓሩ ጠጠሩን በአፉ እየዛቀ ግራ ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ፣ መጀመሪያ ጥጉ ብቻ ነበር የሱ፣ ቀጥሎ የታንኩ ግማሽ ሆነ፣ አሁን ኦስካሩ መሀል ላይ እንኳን መቆም አልቻለም። ጃጓሩ ስንጥቡን ከፍቶ ጥቁር ነጠብጣቦቹ ጠቁረው በጎን ይመጣበታል፣ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ይነክሳል። ሬድ ዴቪሉን ለጊዜው አይነካውም። ሦስቱንም አብሬ የማቆይበት መንገድ አለ ወይ? ከሌለስ ማን ይውጣ?

1ኛ መልስ። በጣም ትሁት ሰው ነው፣ ስለ ቁጣቸው አንድም ነገር ሳይል ስለ ውሃው ጠየቀኝ። ለካሁና ነገርኩት፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ፣ ከአሳዎቹ ቆሻሻ የሚመጣው አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 80 ሚሊግራም በሊትር። ፊልተሩ ስራውን እየሰራ ነው አለኝ፣ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት እየቀየሩት ነው፣ ግን ናይትሬት ራሱ በፊልተር አይወጣም፣ የሚወጣው ውሃ ሲቀየር ነው። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ነበር የምቀይረው። እንደዚህ ለሚያክሉ ስጋ በል አሳዎች በየሳምንቱ ግማሽ መቀየር እንዳለበትና ከ40 በታች፣ ቢቻል 20 አካባቢ እንዲሆን መከረኝ። ኦስካር በቆሸሸ ውሃ ከቆየ ጭንቅላቱ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ የሚያወጣ በሽታ እንደሚይዘውም አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ሌላ የረዳኝ ነገሩ ስለ ወለሉ ያለው ነው፣ እነዚህ አሳዎች የሚጣሉት በወለል ነው እንጂ በከፍታ አይደለም፣ ስለዚህ ታንክ ስትመርጪ ከቁመቱ በፊት ርዝመትና ስፋቱን እዪ አለኝ።

2ኛ መልስ አንድ መስመር ናት፣ ምግብ አብዝተሽ ስጫቸው፣ ይረጋጋሉ የምትል። ሞክሬው ነበር፣ ጠግቦም ይነክሳል፣ የሚጣላው ለቦታ ነው።

3ኛ መልስ ቆጣ ያለ ነው። መጀመሪያውኑ ማን አብረሽ አድርጊ አለሽ፣ ሳትጠይቂ ገዝተሽ አሁን ነው የምትጠይቂው፣ እንስሳ የሳሎን ጌጥ አይደለም ብሎ ገሰጸኝ። ደስ አላለኝም ግን እውነቱን ነው። ስገዛቸው ጃጓር ወንዱ 40 ሳንቲሜትር ሊደርስ እንደሚችል አላነበብኩም ነበር፣ አሳ ታንኩን አይቶ ያድጋል የሚባለውን ወሬ አምኜ ነበር። በኋላ 5ኛው እንዳስረዱት ያ ወሬ ውሸት ነው፣ አሳው ጠባብ ቦታና የቆሸሸ ውሃ ውስጥ ቢቀነጭር ታሞ ነው የቀነጨረው፣ ለታንኩ ብሎ አይደለም።

4ኛ መልስ። ወንድሜ ብሎ ጀመረ፣ እህት መሆኔን ነገርኩት ይቅርታ ጠየቀ። የሱ ሀሳብ እንዲያውም አሳ ጨምሪ የሚል ነው። እሱ ዘንድ 20 የሚሆኑ አሳዎች በአንድ ታንክ አሉ፣ ብዙ ስለሆኑ ቁጡው አንዱን ለይቶ ማሳደድ አይችልም፣ ዱላው ለሁሉም ይከፋፈላል፣ ማንም አይጎዳም። በፎቶ የለጠፈው ታንክ በእውነት ያምራል።

5ኛ መልስ። እኚህን ጋሼ ነው የምላቸው፣ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉልኝ፣ ከኔ እድሜ በላይ አሳ አርብተዋል። 4ኛውን በጨዋ ደንብ ነው ያረሙት። ፎቶው ላይ ያሉት የማላዊ ሐይቅ ምቡናዎች ናቸው፣ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየላጉ የሚኖሩ 10 ወይ 12 ሳንቲሜትር የሚሆኑ አሳዎች፣ እነሱ ላይ ማጨናነቅ ይሰራል። ጃጓርና ሬድ ዴቪል ግን የመካከለኛው አሜሪካ ናቸው፣ ኒካራጓ ሐይቆች ውስጥ እየተያዩ የሚኖሩ፣ ሌላ አሳ የሚበሉ፣ ወልደው ጫጩት የሚጠብቁ። እነሱን 20 አድርጎ ለማጨናነቅ የሚበቃ ታንክ ቤት ውስጥ አይገባም፣ የሚያወጡት ቆሻሻም ፊልተሩን ያሸንፈዋል። ኦስካር ደግሞ የአማዞን ሰው ነው አሉ፣ ትልቅ ይሁን እንጂ ልቡ ገር ነው፣ አፉ ሰፊ ስለሆነ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል እንጂ እንደነዚያ አይደባደብም። ሰዎች ትልቅ ነው ቁጡ ነው ብለው ከነጃጓር ጋር ያደርጉታል፣ የሚደበደበው እሱ ነው።

ከዚያ ያሉት ነገር ነው የዚህ ክር ዋናው ለኔ። ጃጓሩ አላበደም፣ ጎልምሷል። ትንሽ ሆኖ አብሮ የሚተኛው መሬት ስላልፈለገ ነበር፣ አሁን መሬት ፈለገ፣ ይሄ የተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ቁጡ አሳ አብሮ የሚያኖር ሰው ሁለተኛውን ታንክ መግዛት ያለበት ጸቡ ሲጀመር አይደለም፣ አሳዎቹ ገና አውራ ጣት ሲያክሉ ነው፣ ባዶም ቢሆን ውሃው እየዞረ ባክቴሪያው እየኖረ ይቆይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው አሉኝ። እኔ ሁለተኛ ታንክ አልነበረኝም።

6ኛ መልስ። ይሄ ሰው ስለራሱ ሬድቴይል ካትፊሽ ተረከ። ሲገዛው የ7 ሳንቲሜትር ቆንጆ ነበር፣ ነጭ ሆድ ቀይ ጅራት። ይሄ አሳ ከ1 ሜትር በላይ ነው የሚያድገው፣ እሱ ግን ያኔ አላወቀም። ቀን ቀን ወለል ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ማንንም አይነካም፣ ጸባየኛ ነው እያለ ለሰው ያወራ ነበር። አንድ ጠዋት ሲነሳ ታንኩ ውስጥ አንድ አሳ ጎደለ፣ የካትፊሹ ሆድ እንደ ከረጢት ተነፍቷል፣ የጎደለው አሳ የካትፊሹን ግማሽ ያክል ነበር። በሦስተኛው ቀን ካትፊሹም ሞተ። ሳይጣላ የሚበላ አሳ ከሚጣላው ይከፋል ነው መልእክቱ፣ አፉን ለክታችሁ ነው ጎረቤት መምረጥ ያለባችሁ ይላል።

7ኛ መልስ ከ6ኛው ተነስቶ አሮዋና ወደሚባል አሳ ወሰደን። ሲልቨር አሮዋና 90 ሳንቲሜትር እንደሚደርስ፣ በተፈጥሮው ከውሃ ዘሎ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ነፍሳት እንደሚይዝና ስለዚህ ክዳኑ ላይ ክብደት መቀመጥ እንዳለበት ጻፈ። የሱ አንዱ ማታ ዘሎ ወጥቶ ጠዋት ወለሉ ላይ ደርቆ ነው ያገኘው። የእስያው አሮዋና ደግሞ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አንደኛ ዝርዝር ላይ ስላለ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ከተመዘገበ ማርቢያ የወጣና ሰውነቱ ውስጥ ማይክሮቺፕ የተቀበረበት ነው አለ። ከጥያቄዬ ጋር ባይገናኝም ስለ ክዳኑ የተባለው ለኔም ሰርቷል፣ የሚሳደድ አሳ ይዘላልና በዚያው ቀን ክዳኔን በደንብ ዘጋሁት።

8ኛው ፒራንያ ብጨምርበትስ ብሎ ጠየቀ፣ እኔን ሳይሆን ለራሱ ነው፣ ኦስካር አለው።

9ኛ መልስ ለ8ኛው ነው። ቀይ ሆድ ፒራንያ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፣ ፈሪ ነው፣ እጅ ስታስገባ ተጠጋግተው ጥግ ይይዛሉ፣ በመንጋ የሚሄዱትም ለማደን ሳይሆን በዋናነት ከሚበሏቸው እንስሳት ራሳቸውን ለመጠበቅ ነው። ግን ከሌላ አሳ ጋር ሲሆኑ ክንፍና ጅራት ይቀረጥፋሉ፣ ቀስ በቀስ። ኦስካር ጅራቱ ስር ያለችው ክብ ዓይን የምትመስል ምልክት ነካሾችን ለማሳሳት ናት ተብሎ ይታሰባል፣ አማዞን ሰፊ ነው ተታልለው ሲያልፉት ይሸሻል፣ ታንክ ውስጥ ግን ወዴት ይሸሻል አለ። ይቺን አረፍተ ነገር ካነበብኩ በኋላ ኦስካሬን ባየሁት ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

10ኛ መልስ። በተግባር የጠቀመኝ ነው። ጊዜ ለመግዛት ታንኩን በመከፋፈያ ክፈይው አለኝ፣ መከፋፈያው ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን፣ አለበለዚያ አንዱ ወገን ፊልተርና ሙቀት አያገኝም። ድንጋዮቹንም ሁሉ አንስተሽ ቦታቸውን ቀይሪ፣ ያኔ የማንም ድንበር አይታወቅም፣ ለጥቂት ቀን ይረሳዋል። እሱ ራሱ ቀዳዳው ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ ፍርግርግ ከፍሎ ነበር፣ አሳዎቹ በፍርግርጉ እየተያዩ ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ከንፈራቸው ተላጠ። ስለዚህ እንዳይተያዩ ጥቁር ይሁን። ድንጋዩን በዚያው ማታ ቀየርኩ፣ መከፋፈያውን ግን ለቅዳሜ አቆየሁት፣ ይሄ ነው የሚቆጨኝ።

11ኛ እና 12ኛ እርስ በርስ ተጣሉ። 11ኛው ጃጓሩ አዳኝ ስለሆነ ሕይወት ያለው ጎልድፊሽ ስጪው፣ ጉልበቱን እዚያ ይጨርስ አለ። 12ኛው ተነስቶ ይሄ ድሮ የቀረ ነው፣ ጎልድፊሽ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ታያሚኔዝ የሚባል ነገር አለው፣ አዘውትሮ የበላ አሳ ይታመማል፣ ከዚያ ላይ ጥገኛ ትልና በሽታ ይዞ ይገባል፣ ጥሩ ፔሌት፣ ማለትም ደረቅ የአሳ ምግብ ስጪ፣ አልፎ አልፎ ሽሪምፕና የነጭ አሳ ስጋ በቂ ነው አለ። የበሬ ልብ የሚሰጡትንም አልማራቸውም፣ የከብት ስብ አሳ ሆድ ውስጥ በደንብ አይፈጭም ጉበቱ ላይ ይከማቻል አለ። 11ኛው መልሶ አንተ አሳ አርብተህ ታውቃለህ ወይስ አንብበህ ነው ብሎ ጻፈ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፣ እዚህ የማላሰፍረው ቃል ሁሉ ወጣ። እኔ በፍሬ ነገሩ ከ12ኛው ጋር ነኝ፣ አነጋገሩ ግን ሰው የሚያርም አልነበረም።

13ኛ አድሚኑ ነው፣ ሁለቱንም አስጠነቀቀና የተወሰነ አጠፋ።

14ኛ መልስ። ይሄ ነው ሁሉንም ያናደደው። ካስቸገረሽ ወንዝ ውሰጂና ልቀቂው፣ ነጻ ይውጣ አለ። በደግ ልብ ነው የተናገረው ብዬ አምናለሁ።

15ኛ መልስ 5ኛው ጋሼ ናቸው እንደገና፣ በዚህ ክር ውስጥ ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ፓናማ ውስጥ ጋቱን ሐይቅ ላይ የሆነውን ጻፉ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፒኮክ ባስ የሚባል ሌላ አሳ የሚበላ አሳ ከአንድ ኩሬ አምልጦ ወደ ቻግሬስ ወንዝ ገባ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀድሞ በብዛት ይታዩ ከነበሩት ትናንሽ አሳዎች አብዛኞቹ ጠፉ፣ እነሱን ይበሉ የነበሩ ወፎችም ቀነሱ። አሜሪካ ሜሪላንድ ክሮፍተን ላይ ደግሞ አንድ ሰው ስኔክሄድ የሚባል አዳኝ አሳ ሁለት ኩሬ ውስጥ ለቀቀ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲደረስበት ተራብተው ነበር፣ ስኔክሄድ አየር የሚተነፍስ አሳ ስለሆነ ሌላ ቦታ እንዳይደርስ ተብሎ ኩሬው ሙሉ በመርዝ ታከመ፣ የሌላውም አሳ ሕይወት አብሮ ሄደ። ሁለት አሳ ነው ልጄ፣ ሁለት፣ አሉ። 14ኛው አላወቅሁም ብሎ መልእክቱን ራሱ አጠፋው፣ ለዚህ አከብረዋለሁ።

16ኛ የኔ ነው። አርብ ጠዋት መብራት ሳበራ ኦስካሩ በጎኑ ተኝቶ ነበር፣ ኦስካር ሲከፋው በጎኑ ይተኛል፣ መጀመሪያ እሱ መሰለኝ። ጠጋ ስል የግራ ዓይኑ ላይ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ሸፍኖታል፣ የጀርባው ክንፍ ከመሀል ተቀዷል፣ የፊልተሩ መምጠጫ ላይ አራት ቅርፊቶቹ ተለጥፈው ውሃው ሲስባቸው ይንቀጠቀጣሉ። ጃጓሩ ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ክንፉን ያማታል። ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ነበረኝ፣ 120 ሊትር የሚይዝ፣ ከታንኩ ውሃ ቀድቼ ሞላሁት፣ የውሃ ማሞቂያ አስገባሁ፣ ከፊልተሩ ስፖንጅ ግማሹን ቆርጬ ባክቴሪያው አብሮ እንዲሄድ ትንሽ ፊልተር ውስጥ አደረግሁት፣ ኦስካሩንም በመረብ ሳይሆን በባልዲ አወጣሁት፣ መረቡ የቀረ ቅርፊቱን እንዳይልጠው። ፎቶውን ለጥፌ ምን ላድርግ ብዬ ጻፍኩ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

17ኛ መልስ በሩብ ሰዓት ውስጥ መጣ፣ ማመስገን የምፈልገው ሰው ነው። አትደንግጪ አለችኝ፣ ዓይኑ የተመታ ነው እንጂ የጠፋ አይደለም፣ ንጹህ ውሃ ያድነዋል። በ1 ሊትር 1 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው አሟሙተሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ በየቀኑ ሲሶውን ቀይሪ፣ የምትጨምሪው ውሃ ክሎሪኑ የተወገደ ሙቀቱ እኩል ይሁን፣ የቀየርሽውን ያህል ብቻ ጨው መልሺ። ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኚ ይጨልምለት፣ ሁለት ቀን ባይበላ አታስጨንቂው፣ አሞኒያ ግን ጠዋት ማታ ለኪ። አንቲባዮቲክ ለመግዛት ስጣደፍ ቁስሉ ጥጥ የመሰለ ነገር ወይ ቀይ ጠርዝ ካላወጣ ተይ አለችኝ። ሁሉንም እንዳለችው አደረግሁ።

18ኛው ነግሬሽ ነበር የሚል ነው፣ ግን ክሩን ወደ ላይ ብታዩ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አልጻፈም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አለፍኩት።

19ኛ። 10ኛው ተመልሶ ጃጓሩና ሬድ ዴቪሉ እንዴት ሆኑ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኦስካሩ ከወጣ በአራተኛው ቀን ጃጓሩ ፊቱን ወደ ሬድ ዴቪሉ አዞረ። አፍ ለአፍ ተነካክሰው ታንኩን ሲዞሩ አየኋቸው፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲጎትት፣ ጠጠሩ ይበተናል፣ እጄን መስታወቱ ላይ ብመታም አልተላቀቁም። ማን ይውጣ ብዬ የጠየቅሁት ለካ የተነከሰውን ለማውጣት ነበር፣ የተነከሰው ሲወጣ ግን ነካሹ ሌላ ፈለገ። መከፋፈያው በዚያው ቀን ገባ፣ ጥቁሩ።

20ኛ መልስ ከሌላ አዲስ ሰው ነው፣ ትልቅ ታንክ ከመግዛትሽ በፊት የቤትሽን ወለል አስቢ አለኝ። 1,000 ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ቶን ነው፣ መስታወቱና ድንጋዩ ሳይቆጠር፣ ፎቅ ላይ የምኖር ከሆነ ባለሙያ ሳልጠይቅ እንዳላደርገው። ስለዚህ አንድ ትልቅ የሚለውን ትቼ ሁለት መካከለኛ የሚለውን ወሰድኩ።

21ኛ፣ ዛሬ የጻፍኩት። 10ኛው ባዶ የነበረ ታንኩን አዘጋጅቶ ሬድ ዴቪሉን ወሰደው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ትናንት ቪዲዮ ልኮልኝ ጠጠር ሲቆፍር አይቼዋለሁ። ጃጓሩ 450ው ውስጥ ብቻውን ቀረ፣ መከፋፈያውን አነሳሁለት፣ ሙሉው የሱ ነው። ኦስካሩ አዲስ ታንክ ገብቷል፣ 400 ሊትር፣ የድሮውን ስፖንጅ አብሬ ስላስገባሁ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዛሬ ዜሮ ነው፣ ናይትሬቱ 15። የዓይኑ ደመና ከዳር ጀምሮ እየሳሳ ነው፣ መሀሉ ላይ የምስር ያህል ቀርቷል። ቅርፊት የወደቀበት ቦታ ላይ ጥቁር ግራጫ ቆዳ ሸፍኖታል። ለዘጠኝ ቀን ከጣቴ አልበላም ነበር፣ ዛሬ ጠዋት በቀኝ ዓይኑ በኩል ስይዝለት ዞሮ መጥቶ ፔሌቷን ወሰዳት። በግራ በኩልም ሞከርኩ፣ ገና አያያትም፣ ውሃው ላይ ስትወድቅ ግን ድምጿን ሰምቶ መጣ።